ዝግ ወይስ ክፍት? የጌም ግራፊክስ ቴክኖሎጂን አውቆ የመምረጥና የማስተካከል ዝርዝር መመሪያ

ኮምፒውተር ላይ ጌም የሚጫወት ሰው የግራፊክስ ሴቲንጉን ሲከፍት የስም ናዳ ይወርድበታል። ዲኤልኤስኤስ፣ ኤፍኤስአር፣ ኤክስኢኤስኤስ፣ ሪፍሌክስ፣ ፍሬም ጄኔሬሽን፣ ፊዝኤክስ። አንዳንዱ ደብዝዞ አይነካም። ሌላው ይነካል፣ ግን ቢበራ ምን እንደሚያመጣ አይታወቅም። ብዙ ሰው እንደነበረ ትቶት ይወጣል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከእነዚህ ስሞች አንዳንዶቹ የአንድ ኩባንያ ንብረት ናቸው። የሚሠሩትም በዚያ ኩባንያ ግራፊክስ ካርድ (የጌሙን ምስል በሚሠራው የኮምፒውተር ክፍል) ላይ ብቻ ነው። እነዚህን ዝግ እንበላቸው። ሌሎቹ የማንም ካርድ ሊጠቀምባቸው የሚችል ክፍት ቴክኖሎጂዎች ናቸው። ልዩነቱ ኪስ ይነካል። የትኛውን ካርድ እንደምትገዙ፣ የትኛው ሞኒተር እንደሚያዋጣችሁ፣ የዛሬው ጌም ከአሥር ዓመት በኋላ እንዴት እንደሚታይ ሁሉ ይወስናል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ዝግ ሁሉ መጥፎ፣ ክፍት ሁሉ ጥሩ ነው የሚሉትን አልቀበልም። በምስል ጥራት ብዙ ጊዜ የሚቀድመው ዝጉ ነው። ረጅም ዕድሜ የሚኖረው ግን ክፍቱ ነው። ስለዚህ ነፃ ሆኖ በአንድ ክሊክ የሚቀየረውን ነገር በጥራቱ ምረጡ። ገንዘብ ከፍላችሁበት ለዓመታት ጠረጴዛችሁ ላይ የሚቀመጠውን ግን በክፍትነቱ ምረጡ። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ የተሠሩት በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ካርዳችሁን በሙሉ ስሙ እወቁ

«ኤንቪዲያ ነው ያለኝ» ማለት አይበቃም። ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ግቡና ጂፒዩ የሚለውን ንኩ። በስተቀኝ ከላይ የካርዱ ስም ከነቁጥሩ ተጽፎ ታገኛላችሁ። ላፕቶፕ ከሆነ ሁለት ጂፒዩ ሊኖር ይችላል። አንዱ ከፕሮሰሰሩ ጋር የመጣ ነው። ለጌም የሚያስፈልጋችሁ ሌላኛው ነው።

አሁን ቁጥሩን እናንብበው። የኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 10 እና 16 ተከታታይ ካርዶች ዲኤልኤስኤስ የላቸውም። ዲኤልኤስኤስ የኤንቪዲያ አፕስኬሊንግ ነው፤ ምስሉን በትንሽ መጠን ሠርቶ ያሳድገዋል። ብዙ ላፕቶፕ ውስጥ ያለው ጂቲኤክስ 1650 እዚህ ውስጥ ይገባል። ዲኤልኤስኤስ የሚፈልገው ቴንሰር ኮር የሚባል ክፍል ቺፑ ላይ ስለሌለ ድራይቨሩን፣ ማለትም ካርዱን የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም፣ በማደስ አይመጣም። አርቲኤክስ 20 እና 30 ካላችሁ የዲኤልኤስኤስ አፕስኬሊንግ አለላችሁ፣ በ2025 የወጣውን የዲኤልኤስኤስ 4 ሞዴል ጨምሮ። የኤንቪዲያን ፍሬም ጄኔሬሽን፣ ማለትም በሁለት ፍሬሞች (ተከታታይ ምስሎች) መሃል ሌላ የሚጨምረውን፣ ግን አታገኙም፤ እሱ የሚጀምረው ከአርቲኤክስ 40 ነው። በአንድ እውነተኛ ፍሬም ላይ ብዙ ፍሬም የሚጨምረው ደግሞ ለአርቲኤክስ 50 ብቻ የተተወ ነው።

በኤኤምዲ በኩል አፕስኬሊንጉ ኤፍኤስአር ይባላል፤ እስከ ኤፍኤስአር 3 ያለው በሁሉም ካርድ ማለት ይቻላል ይሠራል። በማርች 2025 የወጣው ኤፍኤስአር 4 ግን የመጣው ለአርኤክስ 9000 ተከታታይ ነው። የኢንቴል አርክ ካርድ ያለው ሰው የኢንቴልን አፕስኬሊንግ ኤክስኢኤስኤስን በሙሉ አቅሙ ያገኛል።

ይህን ካወቃችሁ በሴቲንጉ ገጽ ላይ የደበዘዘው ለምን እንደደበዘዘ ገባችሁ ማለት ነው።

ደረጃ 2፦ በምርት ስሙ ሳይሆን በሦስት ጥያቄ ለዩ

አንድን ቴክኖሎጂ ክፍት ነው ከማለታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። በማን ካርድ ላይ ይሠራል? ኮዱን ማን አይቶ ሊያስተካክለው ይችላል? ባለቤቱ ነገ ቢተወውስ ምን ይሆናል?

መልሶቹ ሁልጊዜ አንድ ላይ አይሄዱም። ጌም ከካርዱ ጋር የሚነጋገርበትን ዳይሬክትኤክስን ውሰዱ። የማይክሮሶፍት ንብረት ነው፣ ኮዱም ዝግ ነው። ግን በኤንቪዲያ፣ በኤኤምዲም በኢንቴልም ላይ እኩል ይሠራል። ስለዚህ ካርድ ስትመርጡ አያስጨንቃችሁም፤ የሚያስጨንቀው ዊንዶውስን ትታችሁ መሄድ ስትፈልጉ ነው። ያንኑ ሥራ የሚሠራው ቫልካን ደግሞ ክሮኖስ የተባለው የኩባንያዎች ኅብረት የሚያስተዳድረው ክፍት ስታንዳርድ ነው። ኤንቪዲያም፣ ኤኤምዲም፣ ኢንቴልም አባል ናቸው። ዊንዶውስ ላይም፣ ሊኑክስ በተባለው ክፍት ሲስተም ላይም ይሄዳል።

ኤክስኢኤስኤስ መሃል ላይ ነው። ኢንቴል በሌሎች ካርዶች ላይም እንዲሠራ ፈቅዷል፣ ኮዱን ግን አልከፈተውም። ኤፍኤስአር 2 እና 3 ከኮዳቸው ጭምር በኤምአይቲ ፈቃድ ተለቀዋል። ማንም ሰው ወስዶ ሊቀይራቸው፣ ጌሙ ውስጥ ሊከታቸው ይችላል። ኤፍኤስአር 4 ሲመጣ ግን ያው ክፍትነትን ሲሰብክ የኖረው ኤኤምዲ ምርጡን ለአዲስ ካርዱ አስቀርቶታል። ምክንያት አለው፤ ቴክኖሎጂው በማሽን ለርኒንግ የሚሠራና የአዲሱን ቺፕ አቅም የሚፈልግ ነው። የአሮጌ ካርድ ባለቤት ግን ምክንያቱ ትክክል መሆኑ አያጽናናውም። «ኤኤምዲ ስለሆነ ክፍት ነው» ብሎ መግዛት አይሠራም። እያንዳንዱን ቴክኖሎጂ ለብቻው መርምሩ።

ሦስተኛው ጥያቄ በጣም የሚረሳው ነው። በ1990ዎቹ ስሪዲኤፍኤክስ የሚባል ኩባንያ ቩዱ የሚባሉ ካርዶች ነበሩት። ግላይድ በተባለ የራሱ ቋንቋ የተሠሩ ጌሞች በእነዚያ ካርዶች ላይ ከማንም በላይ ያምሩ ነበር። በ2000 መጨረሻ ኤንቪዲያ የኩባንያውን ንብረት ለመግዛት ተስማማ። ቩዱ ካርድም በዚያው ቀረ። እነዚያን ጌሞች ዛሬ ማየት የሚፈልግ ሰው የግላይድን ትእዛዝ ወደ ዛሬ ካርድ የሚተረጉም እንደ ኤንግላይድ ያለ ፕሮግራም መጫን አለበት።

የማንትል ታሪክ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ማንትል ኤኤምዲ በ2013 ለራሱ ካርዶች ያወጣው እንደ ግላይድ ያለ ቋንቋ ነበር። ስፋት አላገኘም። ኤኤምዲ ግን ሥራውን ለክሮኖስ ሰጠ፣ በ2016 ቫልካን ሆኖ ለሁሉም ወጣ። የማንትል ስም ቢጠፋም ሥራው ዛሬም በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ እየሮጠ ነው።

ደረጃ 3፦ ሞኒተሩ ላይ አትደራደሩ

ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ ጊዜ እንድትሰጡ እፈልጋለሁ። ግራፊክስ ካርድ ይቀየራል። ሞኒተር ግን አንዴ ከተገዛ ሁለትና ሦስት ካርድ ያሳልፋል።

ችግሩ ይሄ ነው። ሞኒተር በሰከንድ 60፣ 75 ወይም 144 ጊዜ በተወሰነ ምት ይታደሳል። ካርዱ ግን እንደ ትዕይንቱ ክብደት አንዴ 50፣ አንዴ 90 ፍሬም ያወጣል። ሁለቱ ሳይገጥሙ ሲቀሩ ምስሉ አግድም የተቀደደ ይመስላል። ቪ-ሲንክን ብታበሩ መቀደዱ ይጠፋል። ነገር ግን እንቅስቃሴው ይንገጫገጫል፣ የማውሱም ምላሽ ይዘገያል። ሁነኛው መፍትሔ ሞኒተሩ ካርዱን እየጠበቀ እንዲታደስ ማድረግ ነው።

ኤንቪዲያ ይህን በ2013 ጂ-ሲንክ ብሎ አመጣው። በጣም ጥሩ ሥራ ነበር። ግን ሞኒተሩ ውስጥ የኤንቪዲያ ልዩ ሰርኪዩት መግጠም ይጠይቅ ነበር። ሞኒተሩ ይወደዳል፣ የሚሠራውም ከኤንቪዲያ ካርድ ጋር ብቻ ነበር። በ2014 ቬሳ የተባለው የስታንዳርድ አውጪ ድርጅት አዳፕቲቭ ሲንክን የዲስፕሌይፖርት አካል አደረገው። ኤኤምዲ በእሱ ላይ ፍሪሲንክን ሠራ፣ ሞኒተሮቹም በ2015 ገበያ ገቡ። ልዩ ሰርኪዩት የለም፣ የፈቃድ ክፍያ የለም።

ከዚያ በኋላ ለአራት ዓመት ያህል ሰው ሞኒተር ሲገዛ ሳያውቀው የሚቀጥለውን ካርዱንም እየመረጠ ነበር። ጂ-ሲንክ ሞኒተር ያለው ወደ ኤኤምዲ ቢሄድ የከፈለበት ነገር ውሃ በላው። በጃንዋሪ 2019 ግን ኤንቪዲያ በሩን ከፈተ። ከጂቲኤክስ 10 ጀምሮ ያሉ ካርዶቹ በአዳፕቲቭ ሲንክ ሞኒተር ላይ እንዲሠሩ በድራይቨር ፈቀደ። በ2024 ደግሞ ከሚዲያቴክ ጋር ሆኖ ጂ-ሲንክን ያለ ልዩ ሰርኪዩቱ በተራ የሞኒተር ቺፕ ውስጥ እንደሚያስገባ አስታወቀ። በእኔ ግምት በጌም ግራፊክስ ታሪክ ክፍቱ መንገድ በግልጽ ያሸነፈበት ቦታ ይሄ ነው።

ስለዚህ ስትገዙ ሳጥኑ ላይ አዳፕቲቭ ሲንክ ወይም ፍሪሲንክ የሚል ፈልጉ። ዲስፕሌይፖርት መሰኪያ እንዳለው አረጋግጡ፤ በተለይ አሮጌ የኤንቪዲያ ካርድ ካላችሁ ይህ ነገር በኤችዲኤምአይ በኩል ላይሠራ ይችላል። ከዚያ የሚሠራበትን የምት ክልል እዩ። ርካሽ ሞኒተሮች ላይ ብዙ ጊዜ ከ48 እስከ 75 ይላል። ፍሬማችሁ ከ48 ሲወርድ ማመሳሰሉ ይቆማል፣ መቀደዱም ይመለሳል። ከፍተኛው ቁጥር የዝቅተኛው ከእጥፍ በላይ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ ከ48 እስከ 144፣ ድራይቨሩ እያንዳንዱን ፍሬም ደጋግሞ በማሳየት ከ48 በታችም ያስተካክለዋል። ሳጥኑ ላይ በትልቁ ከሚጻፈው ይልቅ ይህ ቁጥር ይጠቅማችኋል።

አሁን እናብራው። መጀመሪያ በሞኒተሩ በራሱ ቁልፎች ሜኑውን ክፈቱና ፍሪሲንክ ወይም አዳፕቲቭ ሲንክ የሚለውን አብሩ። ብዙ ሞኒተር ሲመጣ ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ይህን ሳያደርጉ ድራይቨሩ ውስጥ የሚፈልጉ ሰዎች «የእኔ አይሠራም» ብለው ይተዉታል። ቀጥሎ የኤንቪዲያ ካርድ ከሆነ ኮንትሮል ፓነሉን ከፍታችሁ በዲስፕሌይ ሥር «ሴት አፕ ጂ-ሲንክ» የሚለው ውስጥ ግቡ። ማብሪያው ላይ ምልክት አድርጉ። ሞኒተሩ በኤንቪዲያ ያልተመሰከረለት ከሆነ ከታች ለዚያ ሞኒተር ለብቻው የምታበሩበት ሌላ ሳጥን አለ፤ እሱንም ምልክት አድርጉ። የኤኤምዲ ከሆነ አድሬናሊን የተባለውን የኤኤምዲ ፕሮግራም ክፈቱ፣ በሴቲንጉ ዲስፕሌይ ውስጥ ፍሪሲንክን አብሩ።

በመጨረሻ ፍሬሙን ከሞኒተሩ ከፍተኛ ምት ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ገድቡት። 144 ከሆነ 141፣ 75 ከሆነ 72። ፍሬሙ ከጣሪያው ካለፈ ማመሳሰሉ ስለሚለቅ ነው። ስክሪኑ ብልጭ ድርግም ካለ ሞኒተሩ ክልሉን በደንብ አልቻለውም ማለት ነው። ሌላ ገመድ ሞክሩ፤ ካልሆነ ምቱን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጉ።

ደረጃ 4፦ አፕስኬሊንጉን በዓይናችሁ ፈትኑ

አፕስኬሊንግ ማለት ጌሙ በትንሽ ሪዞሉሽን ተሠርቶ ወደ ስክሪናችሁ መጠን እንዲያድግ ማድረግ ነው። ካርዱ እፎይ ይላል፣ ፍሬም ይጨምራል። ጥያቄው ስንት ጥራት ይበላል ነው።

ኤፍኤስአር 1 በ2021 ሲወጣ አንዱን ፍሬም ብቻ እያየ ያሳድግ ነበር። ከ2022ቱ ኤፍኤስአር 2 ጀምሮ ግን ልክ እንደ ዲኤልኤስኤስና ኤክስኢኤስኤስ ካለፉት ፍሬሞችም ዝርዝር እየለቀመ ምስሉን ይሠራል። ይህን ማወቅ ለፈተናው ቁልፍ ነው። ቆማችሁ ካያችሁ ሁሉም ያምራሉ፣ ምክንያቱም ለመልቀም ጊዜ አላቸው። የሚለያዩት ስትንቀሳቀሱ ነው። ዩቲዩብ ላይ ያሉ የቆሙ ምስሎች ንጽጽር ብዙ የማያስተምረው ለዚህ ነው።

ሦስቱም ያሉበትና የራሱ መለኪያ (ቤንችማርክ) ያለው ጌም ምረጡ። ሳይበርፐንክ 2077 ለዚህ ይመቻል። ፍሬም ጄኔሬሽንን አጥፉ። «አውቶ» የሚለውንም አትጠቀሙ። አፕስኬሊንጉን ሙሉ በሙሉ አጥፍታችሁ ቤንችማርኩን አንድ ጊዜ አስኪዱና አማካዩን ፍሬም ጻፉት። ከዚያ እያንዳንዱን በተራ አብርታችሁ ድገሙ።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚያልፋት ወጥመድ አለች። በዲኤልኤስኤስና በኤፍኤስአር «ኳሊቲ» ማለት ሪዞሉሽኑ በእያንዳንዱ ጎን ለ1.5 ይካፈላል ማለት ነው። 1080 ስክሪን ላይ ጌሙ በ720 ይሠራል። ኢንቴል ግን በ2024 ከወጣው ኤክስኢኤስኤስ 1.3 ጀምሮ መለኪያውን ቀይሮታል። በእሱ ኳሊቲ ማለት ለ1.7 ማካፈል ነው፤ ለ1.5 የሚያካፍለው አልትራ ኳሊቲ የሚለው ነው። ስለዚህ የኤክስኢኤስኤስን አልትራ ኳሊቲ ከሌሎቹ ኳሊቲ ጋር አነጻጽሩ። ያለበለዚያ ኤክስኢኤስኤስ ፈጣን ግን ደብዛዛ ሆኖ ይታያችኋል፣ ፍርዱም የተዛባ ይሆናል።

ቁጥሩን ከያዛችሁ በኋላ ጌሙ ውስጥ ግቡ። የሽቦ አጥር ፈልጉና ከጎኑ እየተራመዳችሁ ካሜራውን አዙሩ። ሽቦዎቹ ይንቀጠቀጣሉ? ይቆራረጣሉ? ቀጥሎ ከጀርባው ብርሃን ያለው ሰው ፊት ቆማችሁ ወደ ጎን ሂዱ። ሰውየው ለቅቆት በሄደው ቦታ ላይ የሚፈላ የሚመስል ነገር ካለ የኤፍኤስአር 2 የታወቀ ድክመት ይሄ ነው። የኤሌክትሪክ ገመድ፣ የዛፍ ቅጠል፣ ፀጉር፣ ማታ መንገድ ላይ የተኛ ውሃ፤ እነዚህ ሁሉ ያጋልጣሉ። አንድ ቦታ መርጣችሁ በሦስቱም ያንኑ መንገድ ተራመዱ።

የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። አርቲኤክስ ካላችሁ ዲኤልኤስኤስን ተጠቀሙ። ዝግ ነው፣ ግን ካርዱን ስትገዙ የከፈላችሁበት ነው፣ ነገ ብትተዉትም አንዳች አትከስሩም። አርኤክስ 9000 ያለው ኤፍኤስአር 4ን ያብራ፤ ከቀድሞዎቹ ጋር የሚወዳደር አይደለም። አርክ ያለው ኤክስኢኤስኤስን። ከዚህ ውጭ ያለው፣ ማለትም ጂቲኤክስ ወይም የቆየ አርኤክስ የያዘ ሰው፣ ሁለቱንም መሞከር አለበት። ኤክስኢኤስኤስ በእንቅስቃሴ ላይ ብዙ ጊዜ የረጋ ነው፣ ግን ለካርዱ ይከብዳል። ኤፍኤስአር ቀላል ነው፣ ግን ይንቀጠቀጣል። ካርዳችሁ በጣም ከደከመ ኤፍኤስአር ሕይወት አድን ነው፤ የኤንቪዲያ ጂቲኤክስ የያዘ ሰው ኤንቪዲያ የነሳውን ነገር ከተፎካካሪው በነፃ ያገኘው በእሱ ነውና። 1080 ስክሪን ላይ ግን ከኳሊቲ በታች አትውረዱ። «ፐርፎርማንስ» ላይ ጌሙ በ540 ነው የሚሠራው፣ ከዚያ ተነስቶ የሚያምር ነገር መሥራት ለሁሉም ይከብዳቸዋል።

የምትፈልጉት አማራጭ ጌሙ ውስጥ ከሌለስ? ስታርፊልድ በ2023 ሲወጣ ኤኤምዲ አጋር ስለነበር የነበረው ኤፍኤስአር 2 ብቻ ነበር። የሞድ ሠሪዎች፣ ማለትም ጌሙን በራሳቸው የሚቀይሩ ሰዎች፣ ሳይውል ሳያድር ዲኤልኤስኤስን አስገቡበት፤ በይፋ የተጨመረው በኋላ ነው። ይህ የሚቻለው ሁሉም ተመሳሳይ መረጃ ከጌሙ ስለሚቀበሉ ነው። ዛሬ ኦፕቲስኬለር የሚባለው ክፍት ፕሮግራም አንዱን በሌላው ቦታ ይተካል። የቆየ ዲኤልኤስኤስ ያለበትን ጌም በኤንቪዲያ አፕ በኩል አዲሱን እንዲጠቀም ማድረግም ይቻላል። ኤኤምዲም በአድሬናሊን ውስጥ ኤፍኤስአር 3.1 ያላቸውን ጌሞች ወደ 4 የሚያሳድግ ማብሪያ አለው። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ አንቲ-ቺት (አጭበርባሪ ተጫዋች የሚይዝ ፕሮግራም) ባለው የኦንላይን ጌም ውስጥ ፋይል በእጃችሁ አትቀይሩ። አካውንታችሁ ሊታገድ ይችላል።

ደረጃ 5፦ ፍሬም ጄኔሬሽን

ይህን አጠር ላድርገው። ፍሬም ጄኔሬሽን በሁለት እውነተኛ ፍሬሞች መሃል የተሰላ ፍሬም ያስገባል። ዓይን ይለሰልስለታል፣ እጅ ግን አይፈጥንለትም፤ እንዲያውም ትንሽ ይዘገያል። ያለ እሱ ወደ 60 ፍሬም ካላገኛችሁ አታብሩት። ፉክክር ባለበት የተኩስ ጌምም አታብሩት።

አርቲኤክስ 20 ወይም 30 ላላችሁ ግን የምሥራች አለ። ኤፍኤስአር 3.1 አፕስኬሊንጉንና ፍሬም ጄኔሬሽኑን ለያይቷቸዋል። ጌሙ ከፈቀደ አፕስኬሊንጉን ዲኤልኤስኤስ፣ ፍሬም ጄኔሬሽኑን ኤፍኤስአር አድርጉ። ከዝጉ ጥራቱን፣ ከክፍቱ ደግሞ ኤንቪዲያ ለእናንተ ካርድ ያልሰጠውን ታገኛላችሁ።

ደረጃ 6፦ የቆዩ ጌሞችን አድኑ

ዝግ ቴክኖሎጂ ጥርሱን የሚያሳየው እዚህ ነው። ኤንቪዲያ በ2008 አጂያ የተባለውን ኩባንያ ገዝቶ ፊዝኤክስን የራሱ አደረገ። ቦርደርላንድስ 2፣ ሚረርስ ኤጅ፣ ባትማን አርካም ሲቲ፣ ማፊያ 2 ውስጥ ያ የሚበታተነው መስታወት፣ የሚበርረው ወረቀት፣ የሚጨሰው ጭስ በእሱ የተሠራ ነው። በ2025 አርቲኤክስ 50 ሲወጣ እነዚህ የቆዩ ጌሞች ፊዝኤክስን በካርዱ ላይ የሚያስሉበትን የ32 ቢት ኩዳን ድጋፍ ጥሎ ስለመጣ እነዚህ ጌሞች በካርዱ ፈንታ በፕሮሰሰሩ ማስላት ጀመሩ። ያን ያህል ገንዘብ የወጣበት ካርድ ከአሥር ዓመት በፊት በወጣ ጌም ላይ ሲንገዳገድ ታየ። ከብዙ ተቃውሞ በኋላ ኤንቪዲያ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ለተወሰኑ ጌሞች መለሰው።

አርቲኤክስ 50 ካላችሁ ድራይቨራችሁን አድሱ። ጌማችሁ ከተመለሱት ውስጥ ካልሆነ በጌሙ ሴቲንግ ፊዝኤክስን ዝቅ አድርጉት ወይም አጥፉት። ኤኤምዲ ላላችሁም መድኃኒቱ ይኸው ነው። አሮጌውን የኤንቪዲያ ካርዳችሁን ከመሸጣችሁ በፊት ግን እነዚህን ጌሞች የምትወዱ ከሆነ ቆም ብላችሁ አስቡ።

ዊቸር 3 ላይ ደግሞ ሄርወርክስ የተባለ የኤንቪዲያ ቴክኖሎጂ አለ። የጌራልትን ፀጉርና የአውሬዎቹን ጠጉር ያሳምራል፣ ግን በ2015 ሲወጣ በተለይ የኤኤምዲ ካርዶችን አንገዳግዷል። ምክንያቱ እያንዳንዱን የፀጉር ዘለላ ከሚገባው በላይ መከታተፉ ነው። በአድሬናሊን ውስጥ ለዊቸር 3 ብቻ ፕሮፋይል ክፈቱና ቴሴሌሽን ሞድ የሚለውን ወደ 8 ወይም 16 ገድቡት። በዓይን ብዙም የማይለይ ፀጉር ይዛችሁ ፍሬማችሁን ታስመልሳላችሁ።

ደረጃ 7፦ ወደ ሊኑክስ ለሚሄዱ

ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው ድጋፍ በኦክቶበር 2025 ካበቃ ወዲህ ኮምፒውተራቸው ዊንዶውስ 11ን የማይቀበል ሰዎች ስለ ሊኑክስ መጠየቅ አብዝተዋል። የስቲም የጌም መደብር ባለቤት ቫልቭ በ2018 ያወጣው ፕሮቶን የዊንዶውስ ጌምን ሊኑክስ ላይ ያስኬዳል። የዳይሬክትኤክስን ትእዛዝ ወደ ቫልካን ይተረጉማል። ስቲም ዴክ ላይ የሚሠራውም ይሄው ነው።

ስቲምን ጫኑ፣ በሴቲንጉ ኮምፓቲቢሊቲ ውስጥ ፕሮቶንን ለሁሉም ጌም አብሩ። የኤኤምዲ ካርድ ካላችሁ ድራይቨር መፈለግ የለባችሁም፤ ክፍት ስለሆነ ከሊኑክሱ ጋር ይመጣል። ለአሮጌ የኤኤምዲ ካርድ ይህ ትልቅ ዕድሜ ማራዘሚያ ነው። ኤንቪዲያ በ2022 የድራይቨሩን የከርነል ክፍል ከፍቷል፣ ቀሪው ግን ዝግ ነው፣ ለብቻውም መጫን ይኖርበታል። ከተጫነ በኋላ ዲኤልኤስኤስ በፕሮቶንም ይሠራል።

ሁለት ነገር ቀድማችሁ እወቁ። ቫሎራንትና ፎርትናይት ሊኑክስ ላይ አይሄዱም፤ ኤፔክስ ሌጀንድስም በ2024 ሊኑክስን ዘግቷል። ጓደኞቻችሁ ያሉት እዚያ ከሆነ ዊንዶውስን አታጥፉ። ሌላው የኤችዲኤምአይ ጉዳይ ነው። ኤኤምዲ ለክፍት ድራይቨሩ ኤችዲኤምአይ 2.1ን ለመሥራት ጠይቆ የኤችዲኤምአይ ፎረም በ2024 አልፈቀደም። ስለዚህ ከፍተኛ ሪዞሉሽንና ከፍተኛ ምት የምትፈልጉ ከሆነ እዚህም በዲስፕሌይፖርት ሰኩ።

ደረጃ 8፦ ካርድ ስታስመጡ ወይም ያገለገለ ስትገዙ

እኛ አገር ካርድ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በሚመጣ ዘመድ እጅ፣ አሊያም ያገለገለ ሆኖ ነው። ከመጣ በኋላ መመለስ የለም። ስለዚህ ለሚያመጣላችሁ ሰው «ጥሩ አርቲኤክስ ይዘህልኝ ና» አትበሉ። ሙሉ ቁጥሩን፣ የሜሞሪውን መጠንና የመጨረሻውን ፊደል ጻፉለት። አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋም ባለ 8 ጊጋም አለው፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። የኬዛችሁን ስፋትም ለኩና የካርዱን ርዝመት በሚሊሜትር ጨምሩለት።

ሳጥኑ ላይ ለተዘረዘረ ቴክኖሎጂ ሁሉ አትክፈሉ። የምትጫወቷቸውን አምስት ጌሞች ስም ጻፉና በእያንዳንዱ ውስጥ የትኛው አፕስኬሊንግ እንዳለ እዩ። ጌሞቻችሁ ዶታ 2፣ ካውንተር-ስትራይክና ፊፋ ከሆኑ ዲኤልኤስኤስ ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ያንን ገንዘብ ሰፋ ያለ ሜሞሪ ላይ አውሉት። አዳዲስ ከባድ ጌም በሬይ ትሬሲንግ (የብርሃንን ጉዞ እያሰላ ምስል በሚሠራ ዘዴ) የምትጫወቱ ከሆነ ግን የአርቲኤክስ ጭማሪ ዋጋ ያዋጣል። ሬይ ትሬሲንጉ ራሱ በዳይሬክትኤክስና በቫልካን በኩል የሁሉም ነው፤ ዋጋ የምትከፍሉት ለፍጥነቱ ነው።

ያገለገለ ካርድ ሲሆን ብር ከመስጠታችሁ በፊት ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ትንሽ ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። የድሮ ካርድ ባዮሱን፣ ማለትም ውስጡ የተጫነውን መሠረታዊ ፕሮግራም፣ ቀይረው በአዲስ ስም የሚሸጡ አሉ። ታስክ ማናጀር የተቀየረውን ስም አምኖ ያሳያል። ጂፒዩ-ዚ ግን ቺፑን ራሱን አይቶ፣ ስሙ ሐሰት የሆነውን የኤንቪዲያ ካርድ ከስሙ ፊት «ፌክ» ብሎ ያሳያችኋል። ከዚያ አንድ ከባድ ጌም ወይም ቤንችማርክ ለሃያ ደቂቃ አስኪዱ። ሙቀቱንና የፋኑን ድምፅ ተከታተሉ፣ ስክሪኑ ላይ ቀለም ያለው ነጠብጣብ ከታየ ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ ትታችሁት ሂዱ።